ሕፃናት ኮሌጅን መቼ ይወቁት?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም ወዲህ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት መጀመሩን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ይህ የተደረገው የፈተናን ስርቆትና ኩረጃ ለማስቀረት ነውና ዓላማውን አንነቅፍም። ነገር ግን ከዚሁ ሥርዓት የተነሣ ማንም ያላሰበው አንድ ነገር ተገልጧል። ከከሚሴና በዙሪያዋ ካሉት ወረዳዎች፣ ከደዋ ጨፋ፣ ከአርጡማ ፉርሲ፣ ከጅሌ ጥሙጋ የተነሣ ወጣት አንሶላና ብርድ ልብሱን ይዞ፣ በአውቶቡስ ተጭኖ፣ በጥበቃ ታጅቦ ወደ አንዱ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ ለብዙው ተማሪ ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን ነገር በዐይኑ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የተማረለትን ቦታ የሚያየው ይገባል ወይም አይገባም ተብሎ በሚፈረድበት ቀን ነው ማለት ነው።

የፍርዱም ውጤት ምን እንደ ሆነ ሁላችን ሰምተናል። በ2014 ዓ.ም ከተፈተኑት ውስጥ ግማሹንና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ። በነዚህ ዓመታት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። ለዚህ ውድቀት የሚቆጠሩት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ የመጻሕፍት እጥረት አለ፤ የመምህራን ማነስ አለ፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም ከሚሴንና አካባቢዋን ጭምር የነካው ጦርነትና ግጭት አለ። እኛ ዛሬ ልንናገርበት የተነሣነው ግን ከነዚህ ሁሉ ያነሰ የሚመስል፣ ሲመረመር ግን ከሥር የሚገኝ አንድ ጉድለት ነው። ይኸውም ሕፃኑ የሚማርበት መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ በጊዜው አለመነገሩ ነው።

እኛ የምንለው በአጭሩ ይህ ነው፤ ኮሌጅ ምን እንደ ሆነ፣ በውስጡ ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚገባበት ሕፃናት በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ፣ ይልቁንም በሦስተኛና በአራተኛ ክፍል፣ በክፍል ውስጥ በሚሠራ ሥራ አማካይነት ሊያውቁት ይገባል። ይህንንም ለመሥራት ከከሚሴ የተሻለ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም።

ይህ ሐሳብ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ የገዛ አገሩን የትምህርት ታሪክ ይመልከት። በቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ፊደል የሚቆጥረው ሕፃን ቅኔ የሚቆጥሩትን፣ ዜማ የሚያደርሱትን፣ መጻሕፍት የሚተረጕሙትን ታላላቆች በየቀኑ ያያቸው ነበር። ውኃ ይቀዳላቸዋል፤ ሌሊት ሲያጠኑ ድምፃቸውን እየሰማ ይተኛል። በወሎ የእስልምና ትምህርት ቤቶችም ነገሩ እንዲሁ ነበር። ቁርኣን የሚቀራው ልጅ ከሩቅ አገር ስንቁን ተሸክሞ የመጣውን ደረሳ ያውቀዋል፤ ሸኹ በምን መንገድ ሸኽ እንደ ሆኑ ይሰማል። በከሚሴ አጠገብ በተራራ ላይ ያለችው ጥንታዊቷ ሾንኬ በዚህ ዓይነት ትምህርት የታወቀች መንደር ናት። ስለዚህ የቀድሞ አባቶቻችን የዕውቀትን ሰገነት ከሕፃኑ ዐይን አልሰወሩበትም። የሰወርንበት እኛ ነን፤ ዘመናዊውን ትምህርት ቤት ስንሠራ ሕፃናቱን በአንድ ግቢ፣ ታላላቆቹን በሌላ ግቢ፣ ሊቃውንቱን ደግሞ በሩቅ ከተማ በግንብ አጥር ውስጥ አደረግናቸው።

ይህ መለያየት በዘመናዊው ትምህርት መጀመሪያ ዘመንም ቢሆን መፍትሔ ሳይፈለግለት አልቀረም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም ተቋቋመ፤ በ1954 ዓ.ም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ጥቂት ዓመታት ቈይቶ፣ በ1957 ዓ.ም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ከመጨረሳቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ የሚያዝዘው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሥራውን ጀመረ። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆኑ። በየአውራጃው ያለው ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምን እንደሚመስል፣ እንዴት እንደሚያነብ፣ እንዴት እንደሚከራከር ያየው ያን ጊዜ ነው። አብዮቱ ሲመጣ አገልግሎቱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የዩኒቨርሲቲዎቻችን ቍጥር በጣም በዛ፤ ሕፃኑና ዩኒቨርሲቲው የሚገናኙበት በር ግን አልተከፈተም።

አሁን ወደ ከሚሴ እንመለስ። ከሚሴ በአዲስ አበባና በደሴ አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች፣ የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ወደ ሰሜን በሐርቡ አድርጎ ኮምቦልቻና ደሴ ለመድረስ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በነዚህ በሁለቱ ከተሞች በ1999 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አሉ። ወደ ደቡብ ሲሄዱ በዚያው ዓመት የተከፈተው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በራሷ በከሚሴም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ። እንግዲህ ኮሌጅ ለከሚሴ ሕፃን ሩቅ ነው የሚል ማንም ቢኖር ርቀቱ በኪሎ ሜትር የሚለካ እንዳልሆነ ይወቅ።

ሕፃኑ በየቀኑ ምን ያያል? በአውራ ጎዳናው ሲያልፉ የሚውሉትን የጭነት መኪኖች ያያል። የባቲን የሰኞ ገበያ ይሰማል። በጨፋ ሜዳ በበጋ ከየአገሩ የሚሰበሰበውን ከብት ያያል። ከዚህም በላይ ወደ ሳውዲ ዐረቢያ ሄዶ የተመለሰውን ጎረቤት፣ ያሠራውን የቆርቆሮ ቤት፣ ለእናቱ የሚልከውን ገንዘብ ያያል። በጅቡቲና በየመን በኩል አድርገው በእግርና በጀልባ ሲጓዙ የቀሩትን ግን አያይም፤ የቀረ ሰው አይታይምና። በዚህም የተነሣ የስምንት ዓመት ልጅ የጅዳንና የሪያድን ስም ደኅና አድርጎ ሲያውቅ፣ በገዛ ከተማው ያለው ኮሌጅ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ግን አያውቅም። ሰው የሚመርጠው ከሚያውቀው ነው። ያላሳየነውን አልመረጠም ብለን ልጁን ለመውቀስ መብት የለንም። ስለ ልጃገረዲቱማ ምን እንላለን? በገጠሩ ገና ሳትጐለምስ ስለ ትዳሯ የሚመክር ዘመድ አታጣም፤ ስለ ኮሌጇ የሚመክራት ግን ብዙ ጊዜ አታገኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቀድመን ካልለየን ሐሳባችን በሌላ መንገድ እንዳይተረጐም እንሠጋለን። በከተሞቻችን በሚገኙ በብዙ የሙአለ ሕፃናት ትምህርት ቤቶች የስድስት ዓመት ሕፃናትን ጥቁር ጋዋን አልብሶ፣ ባለ መነሳንስ ቆብ ደፍቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ «ማስመረቅ» ልማድ ሆኗል። ወላጅ ለልብሱ፣ ለፎቶግራፉና ለግብዣው ይከፍላል፤ ሕፃኑም ያላየውን ኮሌጅ ጨርሶ ይወጣል። ይህን እኛ ሕፃናትን ከኮሌጅ ጋር ማስተዋወቅ አንለውም። ይህ የኮሌጅን ልብስ ማስተዋወቅ ነው። ትምህርት የሚያልቀው በጭብጨባ ነው ብሎ ማስተማር ነው፤ ድካሙን ሰውሮ ድግሱን ማሳየት ነው። ከዚህ የተማረ ልጅ ኋላ ዲግሪን ከዕውቀት ቢለይ፣ ፈተናንም በኩረጃ ለማለፍ ቢሞክር ሊያስደንቀን አይገባም። ጋዋኑ ይቅር፤ ሥራው ይምጣ።

ሥራው ምንድን ነው ቢሉ፣ አራት ሳምንት የሚበቃው፣ አንድ አስተማሪ ከሰባና ከሰማንያ ልጆች ጋር ሊሠራው የሚችል፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱ ልጅ በሰፈሩ ካሉት ሰዎች አንዱን ይጠይቃል። ከብቶቹን የሚከትበውን የእንስሳት ሐኪም፣ በጤና ኬላ የምትሠራዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የግብርና ባለሙያውን፣ ወይም የራሱን አስተማሪ፣ «የት ተማርህ? ስንት ዓመት ፈጀብህ? ከሁሉ የከበደህ ምን ነበር?» ብሎ መልሱን ቃል በቃል ይዞ ይመጣል። በዚህም ኮሌጅ የሚባለው ነገር በማያውቀው ሰማይ ላይ የተንጠለጠለ ሳይሆን፣ የላሙን ቍስል የሚያክመው ሰው የመጣበት ቤት መሆኑን ይረዳል።

በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹ መንገዱን ይሥላሉ። አስተማሪዎቻችን የትምህርት መርጃ በሚሠሩበት በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ከከሚሴ ወደ ሐርቡ፣ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ደሴ፤ በሌላውም ወገን ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ጎዳና ይሣላል፤ ኮሌጆቹ በየቦታቸው ይደረጋሉ። ይህ ጂኦግራፊ ነው። ርቀቱ ይደመራል፤ ይቀነሳል፤ ከሦስተኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ ስንት ዓመት እንደሚቀር ይቈጠራል። ይህም ሒሳብ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ከመምህራን ትምህርት ኮሌጁ አንድ እጩ መምህር ወደ ክፍሉ ይጋበዛል። እጩዎቹ ለማስተማር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤት መውጣታቸው የተለመደ ነውና ይህ አዲስ ወጪ አያመጣም። እንግዳው ንግግር ለማድረግ አይመጣም፤ ለመጠየቅ ይመጣል። ደብተሩን ያሳያል፤ የወደቀበትን ፈተናና እንደገና ያጠናበትን ሌሊት ይናገራል። ከእጩዎቹም መካከል ሴቲቱ ብትጋበዝ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ልጃገረድ የምታገኘውን ትምህርት አንድ መቶ ምክር ሊተካው አይችልም።

በአራተኛው ሳምንት ክፍሉ በጭቃና በካርቶን የኮሌጅ ግቢ ይሠራል፤ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ቤተ ሙከራውን፣ የተማሪዎቹን ማደሪያ ይለያል፤ እያንዳንዱም ቤት ለምን እንደሚያገለግል ለወላጆች በአፋቸው ይገልጻሉ። በመጨረሻም ክፍሉ ተመካክሮ አንድ ጥያቄ ይመርጥና ለዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ይጽፋል።

ይህ ሁሉ በልጆቹ አፍ መፍቻ ቋንቋ መሠራት አለበት። በዞኑ የኦሮሞ ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ፤ በአማርኛ የሚማሩም አሉ፤ ሁሉም በየቋንቋው ይሥራው። ከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንደሚሰጥ እናውቃለን፤ ስለዚህም ነው ይህን የምንለው። ሕፃኑ ዕውቀት በሌላ ሰው ቋንቋ ብቻ የሚኖር ነገር ከመሰለው፣ ገና ሳይጀምር ራሱን ከውጭ ይቈጥራል። ኮሌጅን መጀመሪያ እናቱ በምታወራበት ቋንቋ የተረዳው ልጅ ግን እንግሊዝኛውን እንደ መሣሪያ ይማረዋል እንጂ እንደ ግንብ አይፈራውም።

ለደብዳቤው የሚሆን ጥያቄ ይጠፋል ብሎ የሚሠጋ አስተማሪ እንዳይኖር፣ ከሚሴ ራሷ የጥያቄ አገር መሆኗን እናሳስባለን። የቦርከና ወንዝ በኮምቦልቻ በኩል አልፎ ወደ ጨፋ ይወርዳል፤ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በገባር ወንዞች አድርጎ እንደሚገባበት ተመራማሪዎች አጥንተውታል። ከብቱን ከዚሁ ውኃ የሚያጠጣው ልጅ «ውኃው ለምን መልኩ ይለወጣል?» ቢል፣ ይህ የልጅ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ በኮምቦልቻ ያለው የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ተቋም ሊመልሰው የሚገባ የምርምር ጥያቄ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። የአካባቢው ገበሬ ማሽላ ይዘራል፤ የማሽላም ክፉ ጠላት ሥሩን ይዞ የሚመጠምጠው አቀንጭራ ነው። ይህን አረም የሚቋቋም የማሽላ ዘር በማውጣት እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የኢትዮጵያ ገጠር ልጅ ናቸው። በምዕራብ ሸዋ በወሎንኮሚ ተወልደው፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ተጕዘው ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር፤ ከጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ወደ ዓለማያ ኮሌጅ፣ ከዚያም አሜሪካ ወደሚገኘው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ደረሱ። የደዋ ጨፋ ሕፃን አቀንጭራን ያውቃል፤ ማሽላን ያውቃል፤ ርቆ መሄድን ያውቃል። ያልተነገረው እነዚህ ሦስቱ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ተገናኝተው የብዙ ሕዝብ እንጀራ መሆናቸው ነው።

በሌላውም ዓለም ይህ ጉዳይ ተራ ነገር ተደርጎ አልተናቀም። በጀርመን አገር የሚገኘው ጥንታዊው የቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም አዳራሹን ለሕፃናት ከፍቶ፣ እሳተ ገሞራ ለምን እሳት ይተፋል የሚለውን ከመሰለ ጥያቄ ጀምሮ ፕሮፌሰሮቹን ለስምንትና ለአሥር ዓመት ልጆች አስተማሪ አድርጓል፤ ምሳሌውንም ሌሎች ብዙዎች ተከትለውታል። በአሜሪካም በድኻ ሰፈር ባሉ አንዳንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እያንዳንዱ ክፍል አንድ ዩኒቨርሲቲ መርጦ ስሙን ይይዛል። በእኛም አገር ዩኒቨርሲቲዎች ለሳይንስ ዝንባሌ ላላቸው ተማሪዎች የስቴም ማዕከላት መክፈታቸው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን እነዚህ የሚቀበሉት በአብዛኛው ከፍ ያሉትን ክፍሎችና የተመረጡትን ልጆች ነው። ያልተመረጠው የሦስተኛ ክፍል ልጅ አሁንም በውጭ ነው።

የሚቃወሙን ሰዎች የሚሉትን እናውቃለንና በተራ እንመልስላቸው።

አንደኞቹ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይሉናል። እውነት ነው፤ ሕፃኑ ዛሬ የሚያቦካውን ለዛሬ እራት አልፈለግነውም። ከአሥር ዓመት በኋላ እንዲጋግር ግን ዛሬ ቡኮውን መንካት አለበት።

ሁለተኞቹ «ልጆቹ ገና ማንበብ አልቻሉም፤ መጀመሪያ ፊደል» ይላሉ። በኢትዮጵያ ከአሥር ዓመት ልጆች ወደ 90 በመቶ የሚጠጉት አንድ ቀላል ጽሑፍ አንብበው እንደማይረዱ የዓለም ባንክ አስታውቋል፤ ስለዚህ ጭንቀታቸው የሚገባ ነው። ግን እኛ ያቀረብነው ከማንበብና ከመጻፍ ውጭ የሆነ ነገር አይደለም። ልጁ የጠየቀውን ይጽፋል፤ የጓደኛውን ያነባል፤ ደብዳቤ ይልካል። ይልቁንም ማንበብ የሚሰለቸው ልጅ የሚሰለቸው ለምን እንደሚያነብ ስላልተነገረው አይደለምን?

ሦስተኞቹ «የተመረቁትስ መቼ ሥራ አገኙ?» ይሉናል። ይህ የብዙ ቤት ሐዘን ስለ ሆነ በቀላሉ አናልፈውም። ዲግሪ ይዞ በአባቱ ቤት የተቀመጠ ወጣት በየመንደሩ አለ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ የሕፃኑን ዐይን መሸፈን አይደለም። እኛ ኮሌጅ ግቡና ደመወዝ ታገኛላችሁ ብላችሁ አስተምሩ አላልንም። ኮሌጅ ስንልም ዩኒቨርሲቲን ብቻ ማለታችን አይደለም፤ የቴክኒክና ሙያውን፣ የመምህራኑን፣ የጤናውን ኮሌጅ ሁሉ ይጨምራል። ብዙ መንገድ በጊዜ ያየ ልጅ ኋላ አንዱ ቢዘጋበት በሌላው ለመሄድ ይቀልለዋል።

አራተኞቹ ከሁሉ የሚበረታውን ነገር ያነሣሉ። «ከመቶ ጥቂት ብቻ በሚያልፍበት አገር መቶውን ሕፃን በኮሌጅ ተስፋ መሙላት ጭካኔ አይሆንምን?» ይላሉ። እኛ ደግሞ እንመልሳለን፤ ጭካኔ የሚሆነው ጋዋን አልብሶ ሸክሙን መሰወር ነው። ኮሌጅ የገባ ሰው ምን ያህል እንዳነበበ፣ ምን ያህል እንደ ደከመ የሰማ ሕፃን ከተስፋው ጋር ዋጋውንም አብሮ ይማራል። ወላጁም እንዲሁ ነው፤ ልጁ በጭቃ የሠራውን ቤተ መጻሕፍት ያየ አባት፣ «የእናንተ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የት አለ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህ ጥያቄ በየቀበሌው መጠየቅ ሲጀምር ያ ጥቂቱ ከመቶ ጥቂት ሆኖ አይቀርም። ምናልባትም አንዳንድ ሹም ይህን ሥራ ከልቡ የማይወደው ስለዚሁ ጥያቄ ብሎ ይሆናል።

እንግዲህ ከእያንዳንዱ ወገን የሚፈለገው ግልጽ ነው። የዞኑና የክልሉ የትምህርት ሹማምንት በዓመቱ የትምህርት ዕቅድ ውስጥ አራት ሳምንት ይስጡ፤ አስተማሪውንም ተጨማሪ ሪፖርት አይጠይቁት፤ መልካም ሥራ ብዙ ጊዜ በሪፖርት ብዛት ይሞታልና። የመምህራን ትምህርት ኮሌጁ እጩዎቹን ይላክ፤ በዓመት ለአንድ ቀንም በሩን ለሕፃናት ይክፈት። ዩኒቨርሲቲዎቹ ለሚደርሳቸው ደብዳቤ ሁሉ፣ በልጅ እጅ ተጽፏል ሳይሉ፣ መልስ ይስጡ፤ መልስ ያላገኘ ደብዳቤ ሕፃኑን የሚያስተምረው ክፉ ትምህርት ነው። ከከሚሴ ወጥታችሁ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በአዲስ አበባ የምትማሩ ተማሪዎችም ለዕረፍት ስትመለሱ፣ አንድ ጧት ፊደል ወደ ቈጠራችሁበት ክፍል ግቡ። የ1957 ዓ.ም ተማሪ አንድ ዓመት ሰጥቷል፤ ከእናንተ የሚጠየቀው አንድ ጧት ነው።

መምህራን ሆይ፤ ሥራው የእናንተ መሆኑን እናውቃለን፤ ሸክማችሁም ቀላል አለመሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ ማንም እስኪያዝዛችሁ አትጠብቁ። አንድ የማዳበሪያ ጆንያ፣ ጥቂት ከሰልና ጠመኔ፣ አንድ ጥሩ ጥያቄ ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃል።

ዛሬ በሦስተኛ ክፍል ያለው የከሚሴ ልጅ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ብርድ ልብሱን ይዞ በዩኒቨርሲቲው በር ሲቆም፣ ቤተ መጻሕፍቱ በየት በኩል እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ እንጂ በሩን እንደ ባዕድ የሚያይ እንዳይሆን፣ ሥራው በዘንድሮው ትምህርት ዘመን መጀመር አለበት።